5,540 ኪሎ ሜትር ስንት ሰዓት ነው?

ከለንደኑ ሂትሮው እስከ ኒውዮርኩ ኬኔዲ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ በአየር 5,540 ኪሎ ሜትር ነው። ርቀት የሚያሰሉ የኢንተርኔት ገጾች ይህን ቁጥር ለአንድ አማካይ ፍጥነት ያካፍሉና «7 ሰዓት» ብለው ይመልሳሉ። የአየር መንገዶች የጊዜ ሰሌዳ ደግሞ ከለንደን ለሚነሣው 8 ሰዓት አካባቢ፣ ከኒውዮርክ ለሚመለሰው 7 ሰዓት አካባቢ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2020 ኪያራ የተባለው ማዕበል አትላንቲክን ሲያናውጥ አንድ የብሪቲሽ ኤርዌይስ ቦይንግ 747 ከኒውዮርክ ተነሥቶ በ4 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ለንደን ገብቷል። ርቀቱ ግን በዚያ ቀንም ያው ነበር።

ርቀት የምድር ጉዳይ ነው፤ ተለክቶ አልቋል። የበረራ ሰዓት የዚያ ቀን፣ የዚያ አውሮፕላን፣ የዚያ ነፋስና የዚያ ማረፊያ ጉዳይ ነው። ሁለቱን በአንድ ማካፈል ብቻ የሚያገናኝ ሰው ትኬት ሲቆርጥ፣ በተለይም ሁለት በረራ ሲያያይዝ፣ ስሕተቱ ኪሱ ድረስ ይመጣበታል። ስለዚህ ቁጥሩ ከየት እንደሚወጣና የት ላይ እንደሚያታልል ማወቅ ይጠቅማል።

በሉል ላይ ባሉ ሁለት ነጥቦች መካከል አጭሩ መንገድ «ታላቁ ክብ» በሚባለው መስመር ላይ ይገኛል። ይህ ክብ ምድርን እኩል ለሁለት የሚከፍል፣ መሃሉም የምድር መሃል የሆነ ነው። ነገሩን ለማየት ሒሳብ አያስፈልግም፤ ሉል ላይ በሁለቱ ከተሞች መካከል ክር ወጥሮ መያዝ ይበቃል። ክሩ ያረፈበት መስመር እሱ ነው። የለመድነው ጠፍጣፋ የግድግዳ ካርታ ግን ወደ ዋልታዎቹ በቀረበ ቁጥር ምድሩን እየለጠጠ ስለሚያሳይ፣ ቀጥ ያለ የሚመስለው ረጅም፣ የጎበጠ የሚመስለው አጭር ሆኖ ይገኛል። ቤጂንግና ኒውዮርክ ሁለቱም ከምድር ወገብ በስተሰሜን 40 ዲግሪ አካባቢ ናቸው። ካርታው ላይ በማስመሪያ ብናገናኛቸው መንገዱ ፓሲፊክንና ሰሜን አሜሪካን አቋርጦ 14,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ክሩ ግን ሽቅብ ወደ ሰሜን ዋልታ አካባቢ ይወጣና 11,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያልቃል። ልዩነቱ ብቻውን የ4 ሰዓት በረራ ነው። በደቡቡ ንፍቀ ክበብም እንዲሁ ነው፤ ከሲድኒ ወደ ሳንቲያጎ የሚሄድ አውሮፕላን ወደ አንታርክቲካ በኩል ዝቅ ብሎ ይዞራል። መቀመጫው ፊት ያለው ስክሪን ላይ የጎበጠ መስመር አይቶ «ለምን ዞሩ?» የሚል ተሳፋሪ እያየ ያለው አጭሩን መንገድ ነው።

ቁጥሩን ራሱ ማስላት ለሚፈልግ የሁለቱ ማረፊያዎች ኬክሮስና ኬንትሮስ ይበቁታል። ሂትሮው በሰሜን 51.47፣ በምዕራብ 0.46 ዲግሪ ላይ ነው፤ ኬኔዲ በሰሜን 40.64፣ በምዕራብ 73.78 ላይ። መጀመሪያ የኬንትሮሶቹ ልዩነት ይወሰዳል፦ 73.32። አንዱ በምሥራቅ ሌላው በምዕራብ ቢሆኑ ኖሮ ይደመሩ ነበር፤ ድምሩ ከ180 ካለፈም ከ360 ላይ ይቀነሳል። ቀጥሎ የሁለቱ ኬክሮሶች ሳይን ይባዛሉ፦ 0.7823 በ0.6513 ሲባዛ 0.5095 ነው። ከዚያ የሁለቱ ኬክሮሶች ኮሳይን እርስ በርሳቸው፣ እንደገናም በኬንትሮስ ልዩነቱ ኮሳይን ይባዛሉ፦ 0.6229 በ0.7588 በ0.2870፣ ውጤቱ 0.1357። ሁለቱ ውጤቶች ሲደመሩ 0.6452 ይሆናሉ። ኮሳይኑ 0.6452 የሆነው ማዕዘን 49.82 ዲግሪ ነው። ከምድር መሃል የሚለካ እያንዳንዱ ዲግሪ በገጽዋ ላይ 111.19 ኪሎ ሜትር ስለሆነ፣ ሁለቱ ሲባዙ 5,540 ይመጣል። እዚህ ላይ ሁለት ስሕተቶች ይደጋገማሉ። አንደኛው የስሌት መሣሪያው በዲግሪ ሳይሆን ሬድያን በሚባለው ሌላ የማዕዘን መለኪያ ተቀምጦ መገኘቱ ነው፤ ሌላው ከምድር ወገብ በታች ላለ ከተማ ኬክሮሱን በአሉታዊ ምልክት አለመጻፍ ነው። ሁለተኛውን የረሳ ሰው ጆሃንስበርግን ሳያውቀው ሰሜን አፍሪካ ውስጥ ያስቀምጣታል።

ሌላ ገጽ ለዚሁ መስመር 5,555 ቢል አትደንግጡ። የመጀመሪያው ስሌት ምድርን ፍጹም ሉል አድርጎ 6,371 ኪሎ ሜትር ሬድየስ ሰጥቷታል። ምድር ግን ወገቧ ላይ ትንሽ ወፈር፣ ዋልታዎቿ ላይ ትንሽ ጠፍጠፍ ያለች ናት፤ በወገቧ በኩል ሬድየሷ 6,378፣ በዋልታዎቿ በኩል 6,357 ኪሎ ሜትር ነው። ይህን ያካተተው ስሌት ከሉሉ ስሌት ቢበዛ በግማሽ በመቶ ያህል ይለያያል። ለመንገደኛ ምንም ለውጥ የለውም። ለውጥ የሚያመጣው የመለኪያው ስም ነው። አቪዬሽን የሚጠቀመው ኖቲካል ማይል 1,852 ሜትር፣ መኪና የሚለካበት ማይል 1,609 ሜትር ነው። ያው የለንደንና የኒውዮርክ ርቀት በአንዱ 2,991፣ በሌላው 3,442 «ማይል» ይሆናል። የትኛው ማይል እንደሆነ ሳይጻፍ የተገለበጠ ቁጥር 15 በመቶ ያህል ስሕተት ይዞ ይዞራል።

ከዚህም የባሰው ከየት ወዴት እንደተለካ አለማወቅ ነው። «በሁለት ከተሞች መካከል» የሚል ገጽ አንዳንዴ ከመሃል ከተማ መሃል ከተማ፣ አንዳንዴ ከማረፊያ ማረፊያ ይለካል። ስሙ ፍራንክፈርት ሐን የሆነው ማረፊያ ከፍራንክፈርት ከተማ በመንገድ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ሲድኒ በአውስትራሊያ አለች፤ በካናዳዋ ኖቫ ስኮሺያም አለች። ሳን ሆሴ በካሊፎርኒያም በኮስታሪካም አለ። ስለዚህ ከከተማው ስም ይልቅ የማረፊያውን ባለሦስት ፊደል ኮድ ማስገባት ይሻላል። ትኬቱ ላይም የሚታተመው እሱ ነው።

አውሮፕላኑ ታላቁን ክብ ፍጹም ተከትሎ አይበርም። መነሻው ራሱ በነፋስ ይወሰናል፤ አውሮፕላን የሚነሣውም የሚያርፈውም ፊቱን ወደ ነፋሱ ሰጥቶ ነው፤ መድረሻው በስተምሥራቅ ሆኖ ማኮብኮቢያው ወደ ምዕራብ ከዋለ መጀመሪያ ወደ ምዕራብ ወጥቶ ይዞራል። ማረፍ ላይም ያው ነው። ትልልቅ ማረፊያዎች መውጫና መግቢያ መስመሮቻቸውን አስቀድመው የወሰኑ ስለሆነ ሁሉም በተራው በነሱ ያልፋል። ከላይ ከወጣ በኋላም የተዘጋ የአየር ክልል፣ የጦር ልምምድ ቦታ፣ ነጎድጓድ፣ አንዳንዴም የአገሮች የአየር ማለፊያ ክፍያ መስመሩን ያጣምመዋል።

የተዘጋ የአየር ክልል ምን እንደሚያደርግ ከሄልሲንኪ–ቶኪዮ በረራ በላይ የሚያሳይ የለም። በሳይቤሪያ በኩል ሲታለፍ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 የሩሲያ የአየር ክልል ለአውሮፓ ኅብረት አየር መንገዶች ከተዘጋ በኋላ፣ በሰሜን ዋልታ ወይም በደቡብ በኩል በመካከለኛው እስያ እየዞረ 13 ሰዓት ገደማ ሆነ። ርቀት አስሊው ዛሬም የድሮውን አጭር መስመር ይሰጣል።

የቲቤት አምባ ደግሞ ማንም ሳይዘጋው አብዛኞቹ አየር መንገዶች ይሸሹታል። ምክንያቱ ኦክስጅን ነው። በከፍታ ላይ የተሳፋሪዎቹ ክፍል አየር ቢያመልጥ ከላይ የሚወርደው ጭንብል ለደቂቃዎች ብቻ ይሠራል፤ በብዙ አውሮፕላኖች ላይ ከ12 እስከ 20 ደቂቃ ያህል። በዚያ ጊዜ ውስጥ አብራሪው ያለ ጭንብል ወደሚተነፈስበት 10,000 ጫማ፣ ማለትም 3,000 ሜትር አካባቢ መውረድ አለበት። የቲቤት መሬት ራሱ በአማካይ ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። መውረጃ የለም። እዚያ የሚያልፉት የማምለጫ መስመርና ተጨማሪ ኦክስጅን ያዘጋጁ ብቻ ናቸው።

በውቅያኖስ ላይም ሕግ አለ። ሁለት ሞተር ያለው አውሮፕላን አንዱ ሞተር ቢጠፋ በቀረው እየበረረ በተወሰነ ደቂቃ ውስጥ የሚደርስበት ማረፊያ ሊኖረው ይገባል። ይህ ገደብ ለረጅም ጊዜ 60 ደቂቃ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1985 120 ደቂቃ ተፈቀደ፤ በኋላ 180 ሆነ፤ ኤርባስ ኤ350 ዛሬ እስከ 370 ደቂቃ ድረስ ሊፈቀድለት ይችላል። ገደቡ በሰፋ ቁጥር መስመሩ ወደ ታላቁ ክብ እየቀረበ መጥቷል። የዛሬዎቹ ረጃጅም ቀጥታ በረራዎች የተገኙት ከሞተሩ ጥንካሬ እኩል በዚህ ፈቃድ ነው ብዬ አምናለሁ።

ፍጥነትን በተመለከተ፣ ትልቅ ጄት የሚበርበት ፍጥነት ከድምፅ ፍጥነት ጋር ተነጻጽሮ ይነገራል። በ11 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ መደበኛው ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች 56 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ በዚያ ቅዝቃዜ ድምፅ በሰዓት 1,062 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ኤርባስ ኤ320 እና ቦይንግ 737 በዚህ 78 በመቶ፣ ማለትም በ830 ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ ቦይንግ 787 እና ኤርባስ ኤ350 በ85 በመቶ፣ በ900 አካባቢ ይበራሉ። ባለ ፕሮፔለሩ ኤቲአር 72 ከ500 ብዙም አይርቅም። በአጭር መስመር ላይ የጠዋቱ በረራ በጄት፣ የማታው በኤቲአር ሊሆን ስለሚችል፣ የአውሮፕላኑን ዓይነት ሳያዩ ሰዓቱን መገመት አይቻልም።

ይህ ፍጥነት ግን የመንገዱ መካከለኛ ክፍል ብቻ ነው። ወደ ላይ ለመውጣት ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይፈጃል። መውረድም የራሱ ስሌት አለው፤ አብራሪዎች ለያንዳንዱ 1,000 ጫማ ከፍታ 3 ኖቲካል ማይል ይመድባሉ። ከ35,000 ጫማ ለመውረድ 105 ኖቲካል ማይል፣ ማለትም 195 ኪሎ ሜትር ያህል ቀድሞ መጀመር አለበት። ከ10,000 ጫማ በታች ደግሞ በብዙ አገር የፍጥነት ጣሪያው 250 ኖት፣ በሰዓት 463 ኪሎ ሜትር ነው። እንግዲህ 400 ኪሎ ሜትር የሚርቅ ከተማ ሲሄዱ መውጣቱ እንዳበቃ መውረዱ ይጀምራል። በማካፈል 29 ደቂቃ የመሰለው በረራ ከመነሻው መሳፈሪያ በር እስከ መድረሻው በር 1 ሰዓት ከ10 የሚሆነው ለዚህ ነው።

ነፋስ በሌለበት ለጄት የሚሠራ ግምት አለ፦ ርቀቱን በኪሎ ሜትር ለ850 አካፍሎ 40 ደቂቃ መጨመር። 400 ኪሎ ሜትር 1 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ይመጣል። በሌላው ጫፍ ከኒውዮርክ ሲንጋፖር ያለው 15,349 ኪሎ ሜትር 18 ሰዓት ከ43 ደቂቃ ይመጣል፤ የአየር መንገዱ ሰሌዳም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ለተጨናነቁ ማረፊያዎች 15 ወይም 20 ደቂቃ ማከል ነው።

ነፋሱ ሲገባ ግን ግምቱ መስተካከል አለበት። በሁለቱም ንፍቀ ክበብ ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚፈስ ብርቱ የነፋስ ወንዝ አለ፤ ጄት ስትሪም ይሉታል። በቀዝቃዛው ወቅት፣ በዋልታውና በወገቡ አካባቢ መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ሲሰፋ፣ ይበረታል፤ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር እስከ 300 እና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ይሳፈርበታል፤ ወደ ምዕራብ የሚሄድ ይሸሸዋል። ሰሜን አትላንቲክ ላይ ጋንደርና ሻንዊክ የተባሉት የቁጥጥር ማዕከሎች መስመሮቹን እንደ ቀኑ ነፋስ እየሳሉ ያወጣሉ፤ ጋንደር ሌሊት ወደ ምሥራቅ ለሚሄዱት፣ ሻንዊክ ቀን ወደ ምዕራብ ለሚሄዱት። የሰኞው መስመር ከማክሰኞው በመቶዎች ኪሎ ሜትር ሊርቅ ይችላል። ረዘም ያለው መንገድ ቶሎ የሚያደርስበት ቀን ብዙ ነው።

ያ የ2020 ቦይንግ 747 ከምድር አንጻር በሰዓት እስከ 1,327 ኪሎ ሜትር በርሯል። «የድምፅን ፍጥነት አለፈ» ተብሎ የተጻፈው ግን ትክክል አይደለም። በዙሪያው ካለው አየር አንጻር የበረረው በተለመደው ፍጥነቱ ነው፤ አየሩ ራሱ ነው ይዞት የሄደው።

ሄዶ ለመጣ ሰው የነፋሱ ጥቅምና ጉዳት ይካካሳል የሚለውም እምነት ስሕተት ነው። 5,500 ኪሎ ሜትር መንገድ፣ 900 የሚበር አውሮፕላን፣ 150 የሚነፍስ ነፋስ እንውሰድ። ነፋሱን ሲጋፈጥ 750 እየሄደ 7 ሰዓት ከ20 ይፈጅበታል፤ ነፋሱ ሲገፋው 1,050 እየሄደ 5 ሰዓት ከ14። ደርሶ መልስ 12 ሰዓት ከ34 ሆነ። ነፋስ ባይኖር 12 ሰዓት ከ13 ነበር። 21 ደቂቃው የጠፋው ነፋሱን ሲጋፈጥ የሚቆይበት ጊዜ ነፋሱ ሲገፋው ከሚቆይበት ስለሚረዝም ነው።

አሁን ትኬቱ ላይ ወደተጻፈው ሰዓት እንምጣ። አየር መንገድ የሚጽፈው በአየር ላይ የሚቆየውን ጊዜ አይደለም። አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰበት ደቂቃ ጀምሮ መድረሻው ላይ እስኪቆም ያለውን ሁሉ ነው። በውስጡ አራት ቅጽበቶች ይመዘገባሉ፦ ከበሩ የለቀቀበት፣ ጎማው ከመሬት የተነሣበት፣ ጎማው መሬት የነካበት፣ በሩ ላይ የቆመበት። ከመጀመሪያው እስከ ሁለተኛው ያለው በተጨናነቀ ማረፊያ 30 ደቂቃ ሊሆን ይችላል። አምስተርዳም ስኪፖል ላይ እ.ኤ.አ. በ2003 የተከፈተው ፖልደርባን ማኮብኮቢያ ከተርሚናሉ እጅግ ስለሚርቅ፣ እሱ ላይ ያረፈ አውሮፕላን 15 ደቂቃ ያህል በመሬት ይነዳል። ተሳፋሪው ደርሻለሁ ብሎ ስልኩን ይከፍታል፤ አውሮፕላኑ ግን ገና መንገድ ላይ ነው።

በዚህ ላይ አየር መንገዶች ያለፉትን ወራት መዝገብ አይተው መጠባበቂያ ደቂቃ ይጨምራሉ። ከተባለው ሰዓት 15 ደቂቃ ያላለፈ በረራ ብዙ ጊዜ «በሰዓቱ ደረሰ» ተብሎ ስለሚቆጠር፣ ሰፋ ያለ ሰሌዳ መዝገባቸውን ያሳምራል። ይህን እንደ ማታለል የሚያዩት አሉ፤ እኔ ግን ጠባብ ሰሌዳ ከሚዋሽ ሰፊ ሰሌዳ ቢያስጠብቅ እመርጣለሁ። እውነተኛውን ማወቅ የፈለገ ሰው የበረራ ቁጥሩን እንደ ፍላይትራዳር24 ወይም ፍላይትአዌር ባሉ መከታተያዎች ላይ አስገብቶ ያለፈውን ሳምንት በረራዎች ይይ። አማካዩን ብቻ ሳይሆን የዘገየውንም ይቁጠር። ያለፈው ሳምንት መዝገብ ከየትኛውም ስሌት ይበልጣል።

የሰዓት ሰቅ ብዙ ሰው ያደናግራል። ትኬት ላይ መነሻውም መድረሻውም በየአገሩ ሰዓት ነው የሚጻፈው። ከቶኪዮ በ17:00 ተነሥቶ ሎስ አንጀለስ በዚያው ቀን በ11:00 የሚደርስ በረራ ወደ ኋላ የሄደ ይመስላል። መፍትሔው ሁለቱንም ወደ ዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት (UTC) መመለስ ነው። ቶኪዮ በ9 ሰዓት ትቀድማለች፤ 17:00 ሲቀነስ 08:00 ይሆናል። ሎስ አንጀለስ ከማርች እስከ ኖቬምበር በ7 ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ 11:00 ሲደመርበት 18:00 ይሆናል። በረራው 10 ሰዓት ነው። ሁሉም ሰቅ ሙሉ ሰዓት እንዳልሆነም ይታወስ፤ ህንድ 5 ሰዓት ተኩል፣ ኔፓል 5 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይቀድማሉ።

አንድ ረቂቅ ወጥመድ ደግሞ አለ። አሜሪካና አውሮፓ ለሞቃታማዎቹ ወራት ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ወደፊት ያዞራሉ። አሜሪካ የምታዞረው በማርች ሁለተኛው እሑድ ነው፤ አውሮፓ በማርች የመጨረሻው እሑድ። በመካከል ባሉት ሁለት ወይም ሦስት ሳምንታት በለንደንና በኒውዮርክ መካከል ያለው ልዩነት 5 ሳይሆን 4 ሰዓት ነው። በመጸውም አውሮፓ በኦክቶበር የመጨረሻው እሑድ፣ አሜሪካ በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ስለሚመልሱ አንድ ሳምንት እንዲሁ ይሆናል። ከወር በፊት የተነገረን ልዩነት ይዞ የሚቀንስ ሰው አንድ ሰዓት ይሳሳታል።

ይህ ሁሉ ዋጋ የሚያወጣው ሁለት በረራ ሲያያዝ ነው። የመጀመሪያው የሚደርስበት ሰዓት አውሮፕላኑ የቆመበት እንጂ እርስዎ የወረዱበት አይደለም፤ ከኋላ ወንበር ለመውረድ ሌላ 15 ወይም 20 ደቂቃ ይፈልጋል። የሁለተኛው የመነሻ ሰዓትም በሩ የሚዘጋበት አይደለም፤ መሳፈሪያው ከዚያ 15 ወይም 20 ደቂቃ ቀድሞ ይዘጋል። ወረቀት ላይ 1 ሰዓት ከ30 የሚመስለው ክፍተት በእግር ወደ 50 ደቂቃ ይወርዳል፤ ፍተሻውና የተርሚናል ለውጡ ገና አልተቆጠሩም። ሁለቱ በረራዎች በአንድ ትኬት ከሆኑ የመጀመሪያው ቢዘገይ አየር መንገዱ በሚቀጥለው ያሳፍራል። በሁለት የተለያዩ ትኬቶች ከሆኑ የሁለተኛው አየር መንገድ እንደ ቀረ ሰው ይቆጥርዎታል፤ ሻንጣዎን ተቀብለው እንደገና ማስመዝገብም ሊኖርብዎት ይችላል። ለእንዲህ ዓይነቱ ጉዞ፣ በተለይ የመጀመሪያው በረራ በቀዝቃዛው ወቅት ወደ ምዕራብ የሚሄድ ከሆነ፣ ከ4 ሰዓት ያነሰ ክፍተት አይመከርም። ሁለተኛው በረራ የዕለቱ የመጨረሻ ከሆነ ደግሞ እዚያው አድሮ በማግስቱ መቀጠል ይሻላል።